መርፌን ማን ይቅመስ?

የዘንድሮ ሐኪም መጠየቅ ይወዳል። ባለፈው ሳምንት ወገቤን ልታይ ቤቴል ካለ አንድ ክሊኒክ ብሄድ፣ ገና ሳልቀመጥ የሰጡኝ ወረቀት ልጅ ሊያጩ የመጡ ሽማግሌዎች ከሚጠየቁት ይበልጣል። ዕድሜ? ስኳር? አስም? ኩላሊትዎ ደህና ነው? ከዚህ በፊት ለምርመራ የሚሰጠውን የቀለም መርፌ ወስደው ያውቃሉ? ወስደው ከሆነ አሳክኮዎታል? አሳብጦዎታል? ትንፋሽ አሳጥሮዎታል?

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል። በዕድሜ ከኔ አያንስም። ወረቀቱን ተቀበለ፤ መነጽሩን ከኪሱ እንኳ ሳያወጣ ከላይ እስከ ታች «የለም» «የለም» «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ መለሰ። አላስችል አለኝና «ሳያነቡት እንዴት ሞሉት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እትዬ፣ ሐኪም ጥያቄ የሚያበዛው መድኃኒቱ ሲጠፋበት ነው» አለኝ፤ ከዘራውንም አስተካክሎ ተደላደለ።

ኮልፌን ለቅቄ ከሄድኩ ስንት ዘመኔ ነው። መንገዱ ተለውጧል፣ ቤቱ ተለውጧል፣ ጋሪው በታክሲ ተተክቷል። የሰዉ አፍ ግን ትቼው በሄድኩበት ቦታ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። መናገር የሌለበትን ሲናገር ይውላል፤ መናገር ያለበት ሲመጣ ይቆለፋል።

ቀለም የምላችሁ የግድግዳ ቀለም እንዳይመስላችሁ። ራጅ አጥንት ያያል እንጂ ሥጋን ከሥጋ አይለይም። ጨጓራው፣ ኩላሊቱ፣ የደም ሥሩ ለራጅ ሁሉም አንድ ጭጋግ ነው። ስለዚህ ራጅ የማያልፈው ነገር ይጠጣል፤ ወይም በደም ሥር ይወጋል። ያኔ የተሰወረው ብቅ ይላል። የሚጠጣው ባሪየም ነው፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ አፍ ውስጥ ኖራ ኖራ የሚል። የሚወጋው አዮዲን ያለበት ነው፤ ሲያዩት ውሃ ይመስላል። ብዙውን ሰው ሞቅ አድርጎት ያልፋል። ጥቂቱን ሰው ግን ፊቱን ያሳብጠዋል፣ ጉሮሮውን ይዘጋዋል፣ ይገድለዋል። ያ ጥቂት ሰው ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ግንባሩ ላይ አልተጻፈም። አንድ ጊዜ ነክቶት የነበረ ሰው ሁለተኛ ሊነካው እንደሚችል ይታወቃልና፣ ሐኪሙ «ያን ጊዜ ምን ሆነህ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ይኸው ነው። ያ ሁሉ መኪና፣ ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ መብራት ዞሮ ዞሮ የሚንጠለጠለው በበሽተኛው አፍ ላይ ነው። በኛ ሰው አፍ! የባሰ አታምጣ።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘሁትም። በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ ከኮልፌ ገበያ ብዙም በማይርቅ አንድ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ድሬሰር ማለት ያኔ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚቀቅል፣ ሐኪሙ በማንም ላይ ሲናደድ የሚቆጣው ሰው ማለት ነው። የራጁ መኪና ሲነሳ መንገድ ማዶ ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮው ይንጫጫል። የሻይ ቤቱ ባለቤትም በሩ ላይ ቆሞ «ደሞ የማንን አንጀት ነው የምታዩት?» እያለ ይጮኻል።

አንድ ቀን አንድ ፊታውራሪ ጨጓራቸውን ሊታዩ መጡ። ሦስት አሽከር፣ አንድ ጠመንጃ፣ አንድ ጃንጥላ። ነጩን ብርጭቆ አቀረብኩላቸው። ብርጭቆውን አዩት። እኔን አዩኝ።

«ማን ቀመሰው?» አሉ።

በትልቅ ሰው ቤት መጠጥ ያለ ቀማሽ አይቀርብም። የሚቀዳው ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ እሱ ካልሞተ ጌታው ይጠጣሉ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ተናደደ። ፊታውራሪ በአማርኛ ጸኑ። ሰዓቱ ሄደ፣ ወረፋው ተንጫጫ። በመጨረሻ የክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ ደግፌ፣ ጡረታው የደረሰ፣ ጥርሱ የሳሳ ሰው፣ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፎ መዳፉን ዘረጋ። ቀመሰ። ሁላችንም አየነው። አልሞተም። ፊታውራሪም ጠጡ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ወሬው ወጣ። ከዚያ ወዲያ ባላምባራሱም፣ የእህል ነጋዴውም፣ የዕድር ዳኛውም «ፊታውራሪ ሳይቀመስ ያልጠጡትን እኔ እጠጣለሁ?» ማለት ጀመረ። ደግፌ በቀን አራት ጊዜ ይቀምስ ጀመር። ሹመት መስሎት ኮራበትም። ባሪየም ደግሞ ሆድ ውስጥ ሲከርም ይደርቃል። በወሩ ሰውዬው አካሄዱ እንስራ ያዘለ ሰው አካሄድ ሆነ። ቢጨንቀን እሱኑ ራጅ አነሣነው። አንድ ጠብታ መጠጣት አላስፈለገውም፤ አንጀቱ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ወጣ። በዚያ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ጥርት ያለ ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም። ሐኪሙ ለተማሪዎች ማስተማሪያ ብሎ ወሰደው። ደግፌ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ተሰጠው፤ እሱንም ማንም አልቀመሰለትም።

እስቲ ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። ኋላ ሳስበው ግን ፊታውራሪው ያን ያህል ሞኝ አልነበሩም። ነገሩ ደህና መሆኑን ሳያረጋግጡ አልጠጡም፤ ይኼ ብልህነት ነው። ሞኝነታቸው በሌላ ሰው አፍ ይረጋገጣል ማለታቸው ነው። ለደግፌ የተስማማ ለፊታውራሪ ላይስማማ ይችላላ! ደግሞስ መጠጡን ደግፌ ቀመሰ እንበል። መርፌን ማን ይቅመስ?

ወደ ጋሼ ዘርጋ ልውሰዳችሁ።

ጋሼ ዘርጋ ያሳደገችኝ የአክስቴ የአስካለ ባል ናቸው። ኮልፌ ገበያ ጥግ ከአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝና የውሃ መቅጃ ይሠሩ ነበር። ዝምተኛ ናቸው፤ መዶሻቸው ይናገርላቸዋል። የኩላሊት ጠጠር አለባቸው። ሲነሣባቸው የመዶሻቸውን እጀታ ነክሰው ይቆያሉ፤ እጀታው ላይ የጥርሳቸው ምልክት በረድፍ ይታያል።

በሽታው ከምነግራችሁ ቀን ዓመት በፊት ሲብስባቸው ሌላ ሆስፒታል ሄደው ነበር። ኩላሊታቸው በራጅ እንዲታይ ያ ውሃ የሚመስለው ቀለም ተወጋቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፊታቸው እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ ዓይናቸው ተከደነ፤ ትንፋሻቸው ያፏጭ ጀመር። ማርከሻ መርፌ ተሰጥቷቸው ለጥቂት ተረፉ።

የዚያ ሆስፒታል ሐኪም ታዲያ ምን አደረገ? ካርዳቸው ላይ በቀይ ቀለም፣ በእንግሊዝኛ፣ ይህ ሰው ሁለተኛ ይህን መድኃኒት እንዳይወስድ ብሎ ጻፈ። ኋላ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነው። ካርዱን ሳጥን ውስጥ ከተተና ቆለፈ። ለባለካርዱስ ምን ነገራቸው? «ዛሬ አልሆነም፤ ወደ ቤትህ ሂድ» አላቸው። ጋሼ ዘርጋን ምን እንደሚገድላቸው የእንጨት ሳጥን አወቀ፤ እሳቸው አላወቁም።

ስለዚህ የራሳቸውን ምክንያት ፈለጉ። በዚያ ቀን አዲስ ኮት ለብሰው ነበር። የሰው ዓይን ነው አሉ። አክስቴም ዓይን ነው አለች። ሰውነታቸው ማሳከኩ ቶሎ አልተዋቸው ሲል ወደ አንድ ባለመድኃኒት ወሰደቻቸው። ባለመድኃኒቱ ሥር ቀጥቅጦ አጠጣቸው። ምን ሥር? አይጠየቅም። መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል ይባል የለ። ሲያሰናብታቸውም ሕግ ሰጣቸው፦

«እብጠቱን አስሬዋለሁ። አንተ ራስህ በአፍህ ካነሣኸው፣ ወይም ሌላ ሰው ፊትህ ካነሣው፣ ይፈታል። ተፈትቶ ከመጣ ደግሞ እኔም አልመልሰው።»

እስቲ ልዩነታቸውን ንገሩኝ። አንዱ በቀይ ቀለም ጽፎ ቆለፈ፤ አንዱ በቃል አስሮ ቆለፈ። አንዱ ነጭ ካፖርት ለብሷል፤ አንዱ ነጭ ጋቢ። ዕውቀትን እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ አስገብቶ ቁልፉን ወገብ ላይ ማንጠልጠል የሁለቱም ሙያ ነው።

አክስቴ ሕጉን አክባሪ ናት። እኔ ከድሬሰርነት ሥልጠና ስመለስ ጓዳ አስገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ የሆነውን ሁሉ ነገረችኝና አስማለችኝ።

«አባቴ ይሙት በይ!»

«አባቴ ይሙት።»

አባቴ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነበር። ቢሆንም መሐላ መሐላ ነው። «ሆድ ካገር ይሰፋል፤ ሆድሽ ውስጥ አኑሪው» አለችኝ። በኋላ ስንሰማ ለካ አክስቴ ጎረቤቱን ሁሉ አንድ በአንድ ጓዳ እያስገባች ተመሳሳዩን ነገር ነግራ፣ ተመሳሳዩን አስምላለች። ልብስ ሰፊው ምሏል። የጠላ ቤቷ ባለቤት ምላለች። መንደሩ በሙሉ ምሥጢሩን ያውቃል፤ መንደሩ በሙሉ ብቻውን የሚያውቅ ይመስለዋል።

ከሁሉም የገረመኝ እትዬ ዙበይዳን ማስማሏ ነው። ለወንፊት ውሃ አደራ እንደ መስጠት ነው። እትዬ ዙበይዳ ከጋሼ ዘርጋ ሱቅ ፊት ለፊት ሽንኩርትና ቃሪያ ትቸረችራለች። ኮልፌ ስልክ ከመግባቱ በፊት ዙበይዳ ገብታለች ይባልላት ነበር። ማን አረገዘ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረ፣ ሽንኩርቱን ስትመርጡ ይነገራችኋል። እኔ እንደ እሷ የምንቀው ሰው አልነበረኝም። መጽሐፍ የማነብ፣ በብብቴ መዝገበ ቃላት ይዤ የምሄድ ልጅ ነኛ! ሰላም ስትለኝ አንገቴን ብቻ ነቅነቅ አድርጌ አልፋት ነበር።

የጋሼ ዘርጋ ጠጠር እንደገና ተነሣ። መዶሻውን ነክሰው ሦስት ቀን ተኙ። አክስቴ «ልጃችን ያለችበት ሆስፒታል ይሂዱ» አለች። ወደ እኔው መጡ ማለት ነው።

አውቅ ነበር? አውቅ ነበር። ዓይን አለመሆኑን፣ ባለፈው ያሳበጣቸው ነገር እኔ በየቀኑ በትሪ የማቀርበው ብልቃጥ መሆኑን አውቅ ነበር። ራሴን ምን ብዬ ሸነገልኩት? ሐኪሙ መጠየቁ አይቀርም፤ ሲጠይቃቸው ራሳቸው ይናገራሉ፤ እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል አይደል? ውሸት ነው። ዝም እንደ ባቄላ ነው የሚነቅዘው፤ ከውጭ ልጡ ደህና ነው፣ ከውስጥ ዱቄት ሆኗል።

በቀጠሮው ጠዋት ግማሽ ኮልፌ አብሯቸው መጣ። በሽተኛ ብቻውን ሐኪም ቤት አይሄድማ፤ ነውር ነው። በሽተኛው ሆዱ ባዶ ይሁን ተብሏል፤ ጎረቤቱ አጥሚቱን በፔርሙስ፣ ቅንጬውን በሳህን ይዞ ተደርድሯል። ዘበኛው አንዱን ሲመልስ አንዷ ትገባለች። ጋሼ ዘርጋ መሐል ላይ አሮጌ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ኮቱ የእሳት ፍንጣሪ የበሳው፣ ክርኑ የተቀደደ ነው። አስበውበት ነው የለበሱት። ዓይን እንዳያገኛቸው። ለዚያ መርፌ ያደረጉት ጥንቃቄ ይኸው ነበር።

ሐኪሙ ከውጭ ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም። ፓፒዮን ያስራል። ፀጉሩ በማስመሪያ የተከፈለ ይመስላል። አማርኛውን ሲመለስ መርከብ ላይ የጣለው ይመስል ቃል በቃል ይለቅማል፤ «አንተ» የምትለዋን ግን አልጣላትም። በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው ሁሉ «አንተ» ይላል።

«አለርጂ አለብህ?» አላቸው።

ጋሼ ዘርጋ እኔን አዩኝ። እኔ ሐኪሙን አየሁት። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ከመጽሐፉ ያስታወሳትን ጥያቄ አወጣ። ዛጎል ያለው የባሕር ፍጡር በልተህ ታመህ ታውቃለህ ወይ አላቸው። አስቡት። ጋሼ ዘርጋ በሕይወታቸው ካዩት ውሃ ትልቁ የገፈርሳ ግድብ ነው።

«እኔ?» አሉ ከአልጋው ቀና ብለው። «እኔ የተጠመቅሁ ክርስቲያን ነኝ! እንኳን እሱን፣ ዓሣውንም ሚስቴ አጥንቱን ለቅማልኝ ነው!»

ያችን ጥያቄ በኋላ በሰው አገር ራጅ ክፍል ውስጥ ሳረጅ አጥርቼ አንብቤያታለሁ። ባዶ ናት። የባሕሩ ፍጡርና የመርፌው ቀለም አይተዋወቁም። ሐኪሞች እርስ በርስ ሲቀባበሏት የኖሩ አሉባልታ ናት፤ ከዙበይዳ ሽንኩርት መደብ የሚለያት በእንግሊዝኛ መሆኗ ነው። እዚያ አገር ደግሞ በሽተኛው የራሱን አልፎ የድመቱን አለርጂ ሳይቀር ይነግራችኋል፤ እሱም ሌላ ፍዳ ነው።

ሐኪሙ በመጨረሻ ዋናውን ጥያቄ ጠየቀ። በዚህ አላማውም።

«ይህን መርፌ ከዚህ በፊት ተወግተህ ታውቃለህ? አብጠህ ታውቃለህ?»

ጋሼ ዘርጋ ፊታቸው ተለወጠ። ታስሯል የተባለው ነገር ስሙ ሊጠራ ሆነ። ዓይናቸው ወደኔ ዞረ፤ አደራ ይላል። እንዳያብጡ ብለው፣ እብጠቱ እንዳይፈታ ብለው፣ እንዲህ አሉ፦

«አላውቅም።»

ቀጥለው ደግሞ በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ ብልህ የሆነውን ጥያቄ ጠየቁ። «ልጄ፣ እዚያ መርፌ ውስጥ ያለው ምንድነው?»

«አንተን ምን አገባህ? ዝም ብለህ ተኛ።»

ባለመድኃኒቱስ ሥሩን ሲያጠጣቸው ሌላ ምን ብሏቸው ነበር?

ክንዳቸው በላስቲክ ታሰረ። መርፌው ገባ። ሐኪሙ ቀስ እያለ ይገፋል። እኔ ትሪውን ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ሐኪሙ «ትሪውን አስቀምጪው» አለኝ፤ አስቀመጥኩት።

«ይሞቅሃል፤ አፍህን ብረት ብረት ይልሃል፤ ያልፋል» አላቸው ለሳቸው። ይኼ እንኳ እውነት ነው።

«ብረት ብረት ማለት ለኔ አዲስ አይደለም» አሉ ጋሼ ዘርጋ። ከዚያ አንገታቸውን ማከክ ጀመሩ።

አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። አባቴ ይሙት ብያለሁ። ሁለተኛ እንዳይሞትብኝ የፈራሁ ይመስል።

በዚህ መሐል በሩ ላይ ግብግብ ተሰማ። ዘበኛው «አይገባም! መርፌ ላይ ናቸው!» ይላል። የሴት ድምፅ «የምን መርፌ?» ይላል። «የኩላሊቱን ነዋ፣ የቀለሙን።» ከዚያ ዘበኛው ከነቆቡ ወደ ጎን ሲሄድ አየሁት። እትዬ ዙበይዳ የቅንጬ ሳህኗን በአንድ እጇ ወደ ላይ እንደያዘች ገባች።

«አንተ ዶክተር! አውጣው! ያው መርፌ ነው! አምና ይሄንኑ ወግተውት ፊቱ ኩፍ ብሎ፣ ትንፋሹ ጠፍቶ፣ ሞቶ ነው የተነሣው! ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል!»

አክስቴ ተከትላት ገብታለች። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭናለች። «ዙበይዳ! ጉድ አደረግሽኝ! ወላሂ ብለሽ ምለሽልኝ የለም?»

«ወላሂ ብዬ የማልኩት ለሰው እንዳልናገር ነው» አለች እትዬ ዙበይዳ፤ በሳህኑ ወደ ፓፒዮኑ እያመለከተች። «ይሄ ሰው ይመስልሻል?»

ሐኪሙ ሰምቷት መሰላችሁ ያቆመው? አልሰማትም። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ራጅ ክፍሉ ውስጥ ቅንጬ ይዛ ስትጮህ አይቶ ደሙ ፈላ። እሷን ገፍቶ ለማስወጣት ሁለት እጁ አስፈለገው። ስለዚህ መርፌውን ነቀለ። ከቀለሙ ሲሶው እንኳ አልገባም ነበር። የጋሼ ዘርጋን ነፍስ ያተረፈው የሐኪሙ ቁጣ ነው ብል አልዋሽም፤ ያስቆጣችው ደግሞ እሷ ናት።

ሊገፋት ሲዞር ከኋላው ፉጨት ሰማ። የጋሼ ዘርጋ ትንፋሽ ነው። ከንፈራቸው ተነፍቷል፤ አንደኛው ዓይናቸው ተከድኗል። ያኔ ፓፒዮኑም እንግሊዝኛውም ጠፋ። «አድሬናሊን!» አለኝ፤ ሮጥኩ። በዚያ ቀን በትክክል የሠራሁት ነገር መሮጥ ብቻ ነው። ወጋቸው፣ ኦክስጅን ሰጣቸው፣ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ አጠገባቸው ተንበረከከ። ሥራውንማ ያውቃል፤ ውለታውን አልክድም። እትዬ ዙበይዳ ግድግዳ ተደግፋ ቅንጬዋን እንደያዘች በለሆሳስ ዱዓ ታደርግ ነበር። ሳህኑን የት እንደምታስቀምጠው የነገራት ሰው የለም።

ትንፋሻቸው ተመለሰ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከንፈራቸው ቃል ለማውጣት በቃ። የመጀመሪያ ቃላቸው ምን ነበር? ተመስገን? ውሃ ስጡኝ?

«ማን አነሣው?»

አያችሁ? እንደ ፍርድ ቤት ካየነው ማስረጃው ሙሉ ነው። ባለመድኃኒቱ «ፊትህ ከተነሣ ይፈታል» ብሏል። ሳይነሣ ደህና ነበሩ። ዙበይዳ ፊታቸው አነሣችው። አበጡ። መቶ ሰው ኮሪደር ላይ ቆሞ ሰምቷል። አንገታቸውን ማከክ የጀመሩት እሷ በሩን ከመክፈቷ በፊት መሆኑን ያየነው ሐኪሙና እኔ ነን። ሐኪሙ ምን አለ? በሆስፒታሉ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ በንቃት ስከታተል ምልክቱን አይቼ መርፌውን አቋረጥኩ ብሎ ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ካርዱ ላይም በቀይ ቀለም፣ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ሳጥን ውስጥ ከተተ። ቆለፈ።

እኔስ ምን አልኩ? ምንም። ለመመስከር መጀመሪያ ማወቄን መናገር ነበረብኝ። ስለዚህ መንደሩ «ጨዋ ልጅ፤ አፏን የያዘች» ብሎ መረቀኝ። ሰው ገዳይ ሊባል የሚገባው ዝምታዬ ነው ያስመረቀኝ። ከዚያ ወዲህ ጨዋ ሲሉኝ እንደ ስድብ እቆጥረዋለሁ።

የሰፈር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዙበይዳ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ እንድትጠይቅ ተፈረደባት። ተሸከመች፤ ግን ከሽንኩርቷ የማይበልጥ ድንጋይ መርጣ። ጋሼ ዘርጋ በአፋቸው ይቅር አሉ፤ በማግስቱ የሱቃቸውን በር በሌላው ጎን አስከፈቱ። ፊቷን ላለማየት ነው። ጠጠራቸው ከጊዜ በኋላ ራሱ ወጣ፤ እሱንም ለባለመድኃኒቱ ቆጠሩለት። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ ያስቀረችላቸውን ትንፋሽ እየተነፈሱ፣ በዚያው ትንፋሽ «ያቺ አፈኛ ልትገድለኝ ነበር» እያሉ ያሟት ነበር። ሰላም አላሏትም።

አገር ለቅቄ ልሄድ ስሰናዳ አንድ ቀን መደቧ ጋ ቆምኩ። ሽንኩርት አልፈልግም ነበር። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ቃሉ አልወጣ አለኝ። «እትዬ ዙበይዳ፣ ጋሼ ዘርጋ እንዲህ ሲያሙሽ አይከፋሽም?» አልኳት። ቃሪያውን እየደረደረች ቀና ሳትል መለሰች።

«ምን ያስከፋኛል? የሚያማኝ በሕይወት አለ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገሬ ሰው። የማን ውሸት ነው? በኮልፌ በሽታውን የደበቀ ሰው አላየሁም። ማን ቁርጥማት እንዳለበት፣ ማን ኪንታሮት እንደያዘው ታክሲ ውስጥ ሳልጠይቅ ሰምቻለሁ። የሚደበቀው መድኃኒቱ ነው። ምን እንደጠጣ፣ ምን እንደተወጋ፣ ምን እንዳደረገው፤ ባለመድኃኒቱም፣ ሐኪሙም፣ በሽተኛውም እሱን ነው የሚቆልፉት። መዝገበ ቃላት በብብቴ የያዝኩት እኔም ጭምር። ያን ሁሉ ቁልፍ የሰበረው ደግሞ አንድ የሐሜተኛ አፍ ነው።

እንግዲህ ቤቴል ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጬ ይህን ሁሉ እያብሰለሰልኩ ሳለ ነርሷ መጣች። በዕድሜ የልጅ ልጄ የምትሆን ናት።

«እማማ፣ አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?»

«የለም።»

«የጤናዎን ነገር የሚያውቅ ዘመድ? ጎረቤት?»

ቆጠርኩ። አክስቴ የለችም፣ ጋሼ ዘርጋ የሉም፣ እትዬ ዙበይዳ የለችም። ከሰው አገር ስመለስ የሚያማኝ ሰው እንኳ አልቀረልኝም። ብዋሽ በሩን ሰብሮ የሚገባ የለም። ስለዚህ ሁሉንም ራሴ ነገርኳት። የተጠየቅሁትንም ያልተጠየቅሁትንም። «እማማ፣ አዎ ወይም የለም ብቻ ይበሉኝ» ብላ ለመነችኝ።

ልትሄድ ስትል ቀሚሷን ያዝኩ። በከዘራ ላመለክት ከዘራ የለኝም፤ በአገጬ አመለከትኩ።

«ያ ሰውዬ ወረቀቱን ሳያነብ ነው የሞላው። መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ነው።»

ልጅቱ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ጮክ ብላ አንድ በአንድ ታነብለት ጀመር። ስኳር? የለም። አስም? የለም። ይህን መርፌ ወስደው አሳብጦዎት ያውቃል? ሽማግሌው ከዘራውን አዟዟረ። ደግማ ጠየቀችው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገራት፤ ልጅቱ ብድግ ብላ ወረቀቱን ይዛ ወደ ሐኪሙ ሮጠች።

ያኔ ወደኔ ዞረ። ዓይኑ ፍም መስሏል።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ወሬኛ አሮጊት!»

«ዕድሜ ይስጥዎት» አልኩት። ሰላም አይበለኝ፤ ለሚያገኘው ሁሉ ሲያማኝ ይኑር። እኔ ምን ያስከፋኛል? የሚያማኝ በሕይወት አለ።